መሳሳብ ለድርሰት ስርየት አይሆንም

ስለ ፍቅር የሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ በተነሣ ቁጥር፣ ታሪኩ የተጣመመ፣ ንግግሩ የደረቀ፣ አካሄዱም ያልታሰበበት ቢሆን እንኳ፣ «ግድ የለም፣ ሁለቱ ሲተያዩ ማየት ብቻ ይበቃል» የሚል ፍርድ ከተመልካቹ ብቻ ሳይሆን ሐያሲ ነኝ ከሚለውም አፍ ሲወጣ እንሰማለን። ዛሬ በውሰት ቃል «ኬሚስትሪ» የሚባለው ይህ የሁለት ተዋንያን መሳሳብ እንደ ንስሓ ተቆጥሮ የደራሲውን ኃጢአት ሁሉ ያስተሰርያል ማለት ነው። እኔ ይህን ፍርድ አልቀበለውም፤ ስሕተትነቱንም የማሳየው በምንቀው ሥራ ሳይሆን እጅግ በምወደው ነው።

ሥራው በአሜሪካ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ከ2007 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በ16 ክፍሎች ብቻ የታየው «ሙንላይት» ነው። ሚክ ሴንት ጆን በሎስ አንጀለስ የሚኖር የግል መርማሪ ሲሆን፣ በ1952 በሠርጉ ሌሊት በገዛ ሙሽራው በኮራሊን ተነክሶ ደም መጣጭ ሆኗል፤ እንደ ሕያዋን አያረጅም፣ እንደ ሙታንም አያርፍም፤ የሚተኛው በማቀዝቀዣ ሣጥን ውስጥ፣ የሚጠጣውም ከአስከሬን ክፍል ሠራተኛ የሚገዛውን ደም ነው። ቤዝ ተርነር ደግሞ ወንጀል የምትከታተል የኢንተርኔት ዜና ዘጋቢ ናት። ሚክን አሌክስ ኦሎክሊን፣ ቤዝን ሶፊያ ማይልስ ይጫወቷቸዋል፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲቆሙ አየሩ የሚለወጥ መሆኑን የሚክድ ዓይን የለውም።

ነገር ግን ይህ የአየር መለወጥ ከየት መጣ? የተዋንያኑ ጸጋ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። አራተኛውን ክፍል ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ምክንያት ያገኛል። አንዲት ምስክር ለማዳን በረሓ የገባው ሚክ ፀሐይ አዝሎት፣ ሰውነቱ እየነደደ፣ በመንገድ ዳር ሞቴል የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በረዶ ሞልቶ ተጋድሟል። በረዶው እየሟሟ ነው። ቤዝ ትደርሳለች፤ እርሱ እንዳይጐዳት ፈርቶ ያርቃታል፤ እርሷ ግን አልሸሸችም፤ የእጇን አንጓ ትዘረጋለታለች፤ እርሱም በመጨረሻ ይጠጣል። ደም የነፍስ ማደሪያ ነው ብላ መብላቱን የከለከለችውን ኦሪት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ፣ ከመሳም የበለጠ ነገር እንደ ተደረገ፣ ነፍስ ከነፍስ እንደ ተካፈለች ይገባዋል። እዚህ ላይ ተዋንያኑን ያነደዳቸው ድርሰቱ ነው፤ ጥም አለ፣ ክልከላ አለ፣ የሚሟሟ በረዶ ጊዜውን ይቈጥራል፣ ሰጪዋም የምትሰጠውን ነገር ዋጋ ታውቃለች። እንግዲህ «መሳሳቡ ጽሕፈቱን አድኖታል» የሚለው ሰው ነገሩን ገልብጦ ይዞታል።

ጽሕፈቱ በሰነፈበት ስፍራ ደግሞ ያው መሳሳብ መጋረጃ ይሆናል፤ ከመጋረጃውም ኋላ የተደበቀው ቀላል ነገር አይደለም። ታሪኩ ከመጀመሩ 22 ዓመት በፊት ኮራሊን ቤዝን በሕፃንነቷ ጠልፋ ወስዳት ነበር፤ ያዳናትም ሚክ ነው፤ ከዚያም ወዲህ ሕፃኒቱ እስክታድግ ድረስ ከጨለማ ሆኖ ሲጠብቃት ኖሯል። ያ የአሳዳጊ ጥበቃ በየትኛው ቀን የወንድ ናፍቆት ሆነ? ይህን ጥያቄ የሚሸከም ድርሰት ታላቅ ድርሰት በሆነ ነበር፤ ሚክን በኅሊናው ፊት ያቆመው፣ ቤዝንም ከምስጋናዋ ውስጥ ፍቅሯን ለይታ እንድታወጣ ያስገደዳት ነበር። «ሙንላይት» ግን ነገሩን እንደ ጣፋጭ ዕጣ ፈንታ አሳምሮ አለፈው፤ እኛም የሁለቱን ዓይን እያየን አብረን አለፍን።

በየሳምንቱ የሚፈታው የግድያ ምርመራ ስስ መሆኑን ለማስረዳት አልደክምም፤ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የአሜሪካ ደራስያን ከኅዳር 2007 እስከ የካቲት 2008 ያደረጉት የሥራ ማቆም አድማ የሥራውን ጉዞ እንዳቋረጠውም አልዘነጋሁም። ይሁን እንጂ ሚክን ወደ ሰውነት የሚመልሰውን ፈውስ ያባከነው አድማው አይደለም። ሚክ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ እንደገና ሰው መሆንን ይመኛል፤ ፈውሱም ለጊዜው ተሰጠው፤ በ13ኛው ክፍል ግን ቤዝን ለማዳን ሲል ወዳጁ ጆሴፍ እንደገና እንዲነክሰው ይለምነዋል። መሥዋዕቱ ክቡር ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ የሚሠዋውን ነገር ጣዕም ሳያውቀው፣ ሰው የሆነውን ሚክ ጠግቦ ሳያየው ተሠዋ።

የድራማው አፍቃሪዎች እንዳይቋረጥባቸው ሲሉ የገዛ ደማቸውን እስከ መለገስ ደርሰው ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ነው ይህን የሚያስጽፈኝ፤ እውነተኛ ደም የሰጠ ተመልካች «ሁለቱ ይዋደዱ እንጂ ሌላው ይቅር» የሚባልለት ሊሆን አይገባውም። ያም ሆኖ ጣቢያው በግንቦት 2008 ድራማውን አቆመው።

ደራስያኑ ምን መሥራት ይችሉ እንደ ነበር የሚመሰክረው 11ኛው ክፍል ነው። ረዳት ዐቃቤ ሕግ የሆነው የቤዝ ፍቅረኛ ጆሽ በጥይት ተመትቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ሚክ ቁስሉን በእጁ ለማከም ይታገላል። ቤዝ ያን ጊዜ ምሥጢሩን ታውቃለችና፣ ንከሰው፣ እንዳንተ አድርገህ አድነው ብላ ትለምነዋለች። እርሱ የተሸከመውን መርገም በሌላ ሰው ላይ አልጭንም ይላል። ከሁለቱ አንዳቸውም በናፍቆት አይተያዩም፤ ሰውዬው በመካከላቸው እየሞተ ነው፤ በበረሓው ሞቴል ሳትለመን ደሟን የሰጠችው ሴት አሁን እርሷ ለምና እንቢ ተባለች።