«ለማንኛውም ሼር አድርጉት» ይቅርብን

የድሬ ልጆች፣ በተለይ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ።

«በዚህ ቁጥር ሲደወልላችሁ እንዳታነሱ፣ ካነሳችሁ የቴሌብር ሒሳባችሁ ባዶ ይሆናል፣ አሁኑኑ ለወዳጆቻችሁ አስተላልፉ» የሚለውን መልእክት እውነት ነው ወይ እያላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። እዚሁ ልመልስላችሁ።

ውሸት ነው። ስልክ ማንሳት ብቻውን ከቴሌብር ብር አያወጣም። ብር እንዲወጣ ሚስጥር ቁጥር መግባት አለበት። ወሬው ራሱ ከቴሌብር በዕድሜ ይበልጣል፤ ቴሌብር የመጣው በ2013 ነው፣ ፈረንጆቹ ግን «ይህን ቁጥር ከነካችሁ ስልካችሁ ይጠለፋል» እያሉ በኢሜይል መቀባበል የጀመሩት ስማርት ስልክ ሳይስፋፋ ነው።

እኔ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰኝ የላኪውን ስም አላይም። «ከኢንሳ የተላለፈ» ብሎ መጻፍ ማንን ያቅተዋል? የማየው ሌባው ከእኔ ምን እንደሚፈልግ ነው። ለምሳሌ «ከቴሌ ነው፣ ሽልማት ደርሶሃል፣ በሜሴጅ የገባልህን ኮድ ንገረን የሚሉ አሉ» የሚለው እውነት ነው። በዚያች ኮድ ቴሌግራምህን በራሳቸው ስልክ ይከፍቱና በስምህ ለጓደኞችህ «ብር ቸግሮኝ ነው፣ ነገ እመልሳለሁ» ብለው ይጽፋሉ። ኮከብ ኮከብ 21 ብለህ ይህን ቁጥር ደውል የሚሉህም እውነተኛ ሌቦች ናቸው፤ የሚደወልልህን ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ የሚያዞር ትእዛዝ ነው። እነዚህ ላይ ሌባው ያላንተ እጅ ምንም አያገኝም። የውሸቱ ማስጠንቀቂያ ላይ ግን እንዲሁ በአስማት ይሰርቅሃል።

«ቲቸር፣ ውሸትም ቢሆን መጠንቀቅ ምን ይጎዳል?» ያላችሁኝ አላችሁ። ይጎዳል እንጂ! ከማያውቀው ቁጥር የተደወለለትን ሁሉ የሚዘጋ ልጅ፣ ሺፍት ጨርሶ ደክሞት ሲወጣ አንድ ትሁት ሰው በሜሴጅ ኮድ ሲጠይቀው ይሰጣል። ምክንያቱም እንዲፈራ የተነገረው ጥሪውን እንጂ ኮዱን አይደለም። ደሞዝ የገባ ሰሞን ደግሞ አስቡት።

የባሰም አለ። «መረጃችሁ ወጥቶ እንደሆነ ለማየት ይህን ሊንክ ተጫኑና የፋይዳ ቁጥራችሁን አስገቡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ፣ አስጠንቃቂው ራሱ ሌባው ነው።

ጥርጣሬ ሲገባችሁ ለቴሌ 994፣ ለንግድ ባንክ 951 ራሳችሁ ደውሉ፤ መልእክቱ ላይ ወደተጻፈው ቁጥር አይደለም። ያንን የጥሪ ወሬ ግሩፕ ላይ የለጠፋችሁ ደሞ ዛሬውኑ አጥፉትና ቦታው ላይ የኮዱን ጉዳይ ጻፉ። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናቶቻችሁ ጋ ደግሞ ደውላችሁ ንገሩልኝ።