በሩ የተከፈተው ለሌላ ልጅ ነው

የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ ሲገባ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖሩ ብዙ የሐበሻ ቤተሰቦች ዘንድ አንድ ክርክር ይነሳል። ልጁ ባለፈው ነሐሴ ጥሩ የሚባል የስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ትምህርቱን ይከታተላል፣ ጓደኛም ማፍራት ጀምሯል። ወላጆቹ ግን አምና ሃርቫርድና ዬል ስላልተቀበሉት ቅሬታው አልወጣላቸውም። "በትራንስፈር ሞክር፣ በዚያ በኩል ይቀላል" ይሉታል። እነሱም ከዘመድ ሰምተው ነው፤ ወይም ገንዘብ ተቀብሎ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ አማካሪ ነግሯቸው ነው። የብዙዎቹ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች የትራንስፈር ማመልከቻ ማርች 1 ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ልጁ የገባበትን ግቢ በወጉ ሳያውቀው፣ ለምን ጥሎት መሄድ እንደሚፈልግ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለመጻፍ ይቀመጣል።

ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው። ስህተት መሆኑን ግን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ለስም ሲባል ብቻ ከአንድ ደህና ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላ ለመዛወር መሯሯጥ የልጁን የመጀመሪያ ዓመት ይበላል፣ የቤተሰቡንም ገንዘብ ይወስዳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ትራንስፈር የሚባለው መንገድ በእርግጥ ለማን እንደሚጠቅም እንዳናይ ማድረጉ ነው።

መጀመሪያ ነገር አይቀልም። ፕሪንስተን በ1990 የትራንስፈር ተማሪ መቀበል አቁሞ እስከ 2018 ድረስ በሩን ዘግቶ ቆይቷል። እንደገና በከፈተበት ዓመት ከ1,400 በላይ ሰዎች አመልክተው የተቀበለው 13 ብቻ ነበር። ለእነማን ቅድሚያ እንደሚሰጥም አልደበቀም፦ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚመጡ፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና በውትድርና ላገለገሉ። ሃርቫርድ በ2008 የማደሪያ ጥበት አለብኝ ብሎ ለሁለት ዓመት መቀበል አቋርጦ ነበር፤ አሁንም የሚቀበለው ከሚያመለክቱለት ከመቶ አንዱን ያህል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እነዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ከገባ ተማሪ ከሞላ ጎደል ሁሉም በሁለተኛው ዓመት ይመለሳል። የሚለቅ ከሌለ የሚለቀቅ አልጋም ሆነ ወንበር አይኖርም። በእርግጥ ኮርኔል በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ የትራንስፈር ተማሪዎችን ይወስዳል። እሱ ግን በኒውዮርክ ስቴት ገንዘብ የሚደገፉ ኮሌጆች በውስጡ ስላሉት ከእኩዮቹ የተለየ ነው፤ በእሱ አይቶ ሃርቫርድን መመዘን አይቻልም።

ብዙ ወላጅ ልብ የማይለው ሌላም ነገር አለ። ገና አንደኛ ዓመት ላይ እያለ ማርች ላይ የሚያመለክት ልጅ በእጁ ያለው የኮሌጅ ውጤት የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው፤ አራት ወይም አምስት ኮርስ። ያ ብቻውን ስለ ልጁ ብዙ ስለማይናገር የአድሚሽን ሰዎች ተመልሰው የሃይስኩል ትራንስክሪፕቱን ያወጣሉ። አምና አይተው የመለሱት ያው ፋይል ነው። ከአንድ ዓመት ገደማ በፊት "አይሆንም" ያለን ቢሮ በተመሳሳይ ወረቀት "ይሁን" እንዲል መጠበቅ ነው የተያዘው።

ማመልከቻውን ቀርቦ ያየ ሰው የበለጠ ይገባዋል። ኮመን አፕ በሚባለው ፎርም ከሚጠየቁት አንዱ እየተማሩት ያለው ሴሚስተር ውጤት ነው፤ ልጁ ወረቀቱን ይዞ በየኮርሱ መምህር ዘንድ እየዞረ እስካሁን ያለውን ውጤት ያስሞላል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤም ይፈልጋሉ። ሁለት መቶ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ የኬሚስትሪ መግቢያ የሚማር ልጅ ፕሮፌሰሩን ከሰላምታ ያለፈ አነጋግሮት አያውቅም። ጃንዋሪ ላይ ቢሮው ሄዶ ስሙን ያስተዋውቅና "ከዚህ ዩኒቨርሲቲ ልወጣ አስቤያለሁ፤ ጥሩ ተማሪ ነው ብለው ይጻፉልኝ" ይለዋል። መምህሩ ምን ሊጽፍ ይችላል? ኤ አግኝቷል፣ ከክፍል አይቀርም። ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም። ኤሴዩ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ለምን መዛወር እንደፈለገና እዚያ ሄዶ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ይጠየቃል። እውነተኛው ምክንያት የዩኒቨርሲቲው ስም ነው፤ ያንን መጻፍ አይችልም። ስለዚህ የማያውቃቸውን ፕሮፌሰሮች ስምና የማይፈልጋቸውን ኮርሶች ከድረ ገጽ ለቅሞ ምክንያት ይፈጥራል። በሥራው ላይ የቆየ አንባቢ ይህን ለመለየት ደቂቃም አይፈጅበትም።

ይህ ሁሉ እየሆነ ልጁ ባለበት ቦታ አይኖርም። መልሱ ሜይ ወይም ጁን ላይ እስኪመጣ ልቡ ተንጠልጥሏል። ጓደኞቹ ለከርሞ አብረን ቤት እንከራይ ሲሉት "ላስብበት" ይላቸዋል። ለክረምቱ የላብራቶሪ ረዳት የሚፈልግ መምህር ማስታወቂያ ሲለጥፍ አይመዘገብም፤ ይሄዳላ! የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አይገኝም። ሲመረቅ ሥራ የሚያስገኙት፣ ማስተርስ ሲያመለክት ደብዳቤ የሚጽፉለት፣ ዕድሜ ልኩን የሚደውልላቸው ሰዎች የሚገኙት ግን በዚህ የመጀመሪያ ዓመት ነው። መልሱ "አልተቀበልንህም" ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ልጁ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለሁለተኛ ጊዜ ወድቄአለሁ ብሎ ያምናል። ወደቀ የሚባልበት ነገር ግን አልነበረም። ደህና ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በደህና እየተማረ ነበር።

የዚህ ምንጩ የወላጅ ክፋት አይደለም። በአገር ቤት ማትሪክ የተፈተነ ሰው የሰው ዕድል በአንድ ፈተና ሲወሰን እያየ አድጓል። የት እንደተመደበ የሚነግረው መንግሥት ነው፤ ምደባው ያልተስማማው የሐኪም ማስረጃ ይዞ ለዝውውር ደጅ ይጠናል። ከዚያ የመጣ ወላጅ የዩኒቨርሲቲን ስም እንደ መጨረሻ ፍርድ ቢያይ አይፈረድበትም። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ላይ "ልጅህ የት ገባ?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰማውንም አውቃለሁ። የባራክ ኦባማ ታሪክም አብሮ ይነሳል፤ በ1981 ከኦክሲደንታል ኮሌጅ ወደ ኮሎምቢያ ተዛውሮ ነው የተመረቀው። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ኮሌጅ ተምሮ፣ በሩ ዛሬ የጠበበውን ያህል ባልጠበበበት ዘመን ያመለከተ ሰው ነበር።

"ስም ግን ያበላል" የሚለውን ክርክር እንደ ቀላል አላየውም። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በ2002 ባሳተሙት ጥናት ውጤታቸውና ያመለከቱባቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚመሳሰሉ ተማሪዎችን አወዳድረው፣ ስመ ጥር ቦታ የገባውና ያልገባው ኋላ የሚያገኙት ደመወዝ በአማካይ እምብዛም እንደማይለያይ አሳይተዋል። ልጁ ይዞት የመጣው ትጋት ከግቢው ስም ይበልጣል ማለት ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ግን ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ቤተሰቦች ለመጡ ልጆች ልዩነቱ ጎልቶ እንደሚታይ ጽፈዋል፤ በኋላ ባወጡት ሥራ ጥቁር ተማሪዎችንና ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆችንም ጨምረዋል። ስለዚህ ሌሊት ፓርኪንግ የሚጠብቅ አባት ወይም አረጋውያንን የምትንከባከብ እናት "ለእኔ ልጅ ስሙ ይጠቅመዋል" ቢሉ አልከራከራቸውም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የእነሱ ልጅ በአብዛኛው የት ነው ያለው? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ትራንስፈር ሞክር እያልን የምንወተውተው ግን እሱን አይደለም።

ስለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የምናወራው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው። በሰሜን ቨርጂኒያው ኖቫም ሆነ በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ኮሪደር ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም። ቀን ሠርቶ ማታ የሚማር፣ የቤት ኪራይ የሚያግዝ፣ ለአያቱ መድኃኒት ገንዘብ የሚልክ ወጣት እዚያ ሞልቷል። ዘመድ ሲጠይቅ ግን "ለጊዜው እዚያ ነው" ተብሎ ወሬው ይቀየራል። በዚህ አገር ሥርዓት ውስጥ ትራንስፈር በሕግና በስምምነት የተጠረገለት ልጅ እሱ ሆኖ ሳለ ነው እንግዲህ!

ካሊፎርኒያን እንይ። በ1960 ከወጣው የከፍተኛ ትምህርት ማስተር ፕላን በመነሳት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሃይስኩል ለሚያስገባቸው ሁለት ተማሪዎች አንድ የትራንስፈር ተማሪ እንዲያስገባ ግብ ተይዟል። ዩሲኤልኤ በቅርብ ዓመታት ከሃይስኩል ከሚያመለክቱት ከአሥር አንድ እንኳ አይቀበልም፤ በትራንስፈር ከሚያመለክቱት ግን ከአራት አንዱን ያህል ተቀብሏል። ከእነዚህም እጅግ የሚበዙት ከስቴቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የመጡ ናቸው። እዚህ ቨርጂኒያም የኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ከዩኒቨርሲቲ ኦፍ ቨርጂኒያና ከዊልያም ኤንድ ሜሪ ጋር የመግቢያ ዋስትና ስምምነት አላቸው፤ የሁለት ዓመት ዲግሪውን ጨርሶ በስምምነቱ የተቀመጠውን ጂፒኤና ኮርስ ያሟላ ተማሪ ይገባል። መሥሪያ ቤቱ ቨርጂኒያ ያለው ጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚዛወሩ ተማሪዎች በዓመት እስከ 55,000 ዶላር የሚደርስ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ይኸው ተቋም በ2019 ባወጣው ጥናት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ መራጭ ዩኒቨርሲቲዎች የተዛወሩት ከሃይስኩል በቀጥታ ከገቡት እኩል ወይም በተሻለ መጠን እንደሚመረቁ አሳይቷል። ይህን ጥናት ሃርቫርድና መሰሎቹም ያነቡታል። አንብበውም በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ መቀበላቸው አሳፋሪ ነው። ያን ሁሉ ሀብት ይዞ ማደሪያ ጠበበኝ ማለት ለአንድ ዓመት ይሠራ ይሆናል፤ ለትውልድ ሰበብ አይሆንም።

መንገዱ አለ ማለት ግን ሰው እየሄደበት ነው ማለት አይደለም። በመላ አገሪቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት ከአሥሩ ስምንቱ የባችለር ዲግሪ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ትራንስፈር የሚያደርጉት ሲሦ ያህሉ ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለራቸውን የሚይዙት ደግሞ ከመቶ 16 ገደማ ብቻ። ብዙዎቹ የሚቀሩት ሰንፈው አይደለም። ገንዘብ ያንሳቸዋል፣ የሥራ ፈረቃ ይቀየርባቸዋል፣ ክሬዲታቸውም መንገድ ላይ ይቀራል።

አንዲት የማውቃት ልጅ የክሬዲት ግምገማ ወረቀቷን አሳይታኛለች። በግራ በኩል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የወሰደቻቸው ኮርሶች፣ በቀኝ በኩል አዲሱ ዩኒቨርሲቲ በምን እንደቆጠረላት ተዘርዝሯል። እንግሊዝኛው አልፏል፣ ካልኩለሱም አልፏል። ስታቲስቲክሷ አጠገብ "ኢሌክቲቭ" የሚል ተጽፏል፤ ክሬዲቱ ይቆጠራል፣ ለሜጀሯ ግን አያገለግልም፣ ስለዚህ ሌላ ስታቲስቲክስ ከፍላ ትወስዳለች። ባዮሎጂውን ያለ ላብራቶሪ ስለወሰደችው ለነርሲንግ አይሆናትም። አንድ ኮርስ አጠገብ ጭራሽ ባዶ ነው። እነዚያን ኮርሶች የወሰደችው ከሥራ ወጥታ፣ የደንብ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ነው። የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር የሚያሳየው ሰንጠረዥ ግን ከመጀመሪያውም የትራንስፈር ቢሮው ውስጥ ነበር። ሂጂና ጠይቂ ያላት ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብና የአሠራር መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ለአንዲት እንዲህ ላለች ልጅ ይህ ሙሉ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው።

ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ጭራሽ አይገባም አልልም። የሚፈልገው ሜጀር ባለበት ከሌለ፣ ክፍያው ቤተሰቡን ዕዳ ውስጥ ከጨመረው፣ እናት ታማ ልጅ ቅርብ መሆን ካለበት ይዛወር። እነዚህ ምክንያቶች ናቸው፤ ኤሴዩም ሳይጨነቁ ይጻፋል። ከእነዚህ አንዱ ሳይኖር የሚደረገው ሩጫ ግን መቆም አለበት።

ወላጆች ሆይ፣ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለውን ልጃችሁን ተዉት፤ ባለበት ይትከል፣ ሁለተኛ ዓመት ይግባ። ለአማካሪ የምትከፍሉት ገንዘብ ለመጽሐፉ ይዋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላለችው ልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር የትራንስፈር አማካሪ ዘንድ ቀጠሮ አስይዙላት፤ የስምምነቱን ወረቀት አስወጡና ከምትወስዳቸው ኮርሶች ጋር እያስተያያችሁ አብራችሁ አንብቡት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ውስጥ በዚያው መንገድ አልፎ የተመረቀ ወጣት አይጠፋም፤ ጠይቁት፣ ደስ ብሎት ያነብላችኋል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ደግሞ ሳትጠየቁ ቅረቡ።