አመዳይን ለማየት ማለዳ መነሣት ያሻል





እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደጋ አገር ለሥራ ስንላክ፥ ልማዳችን በብርድ ልብስ ተጠቅልለን ፀሐይ እስክትሞቅ መጠበቅ ነው። እኔም አንድ ቀን ከነፋስ መውጫ ከተማ በማለዳ በእግሬ እስክወጣ ድረስ እንደዚሁ ነበርሁ። አገሩ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም፤ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ዳሩ ግን ሣሩ አመዳይ ለብሶ እንደ ጨው ሲያንጸባርቅ፥ ከእግር በታችም ሲንኮሻኮሽ፥ በምዕራብ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ የመጀመሪያውን ጮራ ሲቀበል ያየ ሰው ብርድ ልብሱን አይናፍቅም።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። ያ ሠራዊት መንገድ እየጠረገ በዚህ ብርድ አድሯል፤ እኛ ግን ለግማሽ ሰዓት የእግር ጉዞ እንለግማለን።

በመንገዴ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ አገኘሁና «አባቴ፥ እንዴት ያምራል!» ብላቸው፥ «ልጄ፥ ለአንተ ያማረው ባቄላዬን የበላው ነው» አሉኝ። አፈርሁ። እውነታቸውን ነበር። ሰማይ ጠርቶ ነፋስም ረግቶ ባደረበት ሌሊት የምድር ሙቀት ወደ ላይ ያመልጣል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለ ሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል። ስለዚህ በዳገቱ ያለው አዝመራ ሲተርፍ፥ በረባዳው ማሳ ዘግይቶ የተዘራው በአንድ ሌሊት ይቃጠላል።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው። አመዳይ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ቀልጦ ይጠፋል። በአምስት ሰዓት ማሳ የሚጎበኝ ሹም የጠወለገ ቅጠል እንጂ ውርጩ የት እንደ ተኛ አያይም። በማለዳ በእግሩ የሚሄድ ግን ነጩን ምንጣፍ በዓይኑ ስለሚያይ፥ የትኛው ማሳ ቀድሞ መዘራት እንዳለበት ከገበሬው ጋር ሊመክር ይችላል። ደስታውና ሥራው በአንድ መንገድ ይገኛሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ጋይንት፥ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ደጋ የምትላኩ ባልደረቦቼ ሆይ፥ ጋቢያችሁን ደርቡና ጎሕ ሲቀድ ውጡ። ውበቱን አድንቁ፤ ነገር ግን ከማድነቃችሁ በፊት የማሳውን ባለቤት እንዴት እንዳደረ ጠይቁ።

አክባሪዎ
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ