የነፃ ትምህርት ዕድል፣ ድርሰቱና ቀነ ገደቡ

በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በፍርድ ቤትና በማዘጋጃ ቤት አጥር ሥር፣ ጃንጥላ ዘርግተው በአነስተኛ ጠረጴዛ ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ለብዙ ዘመን የታወቁ ናቸው። ባለጉዳዩ ችግሩን በቃል ያስረዳል። ጸሐፊው ቀኑን በስተቀኝ ራስጌ ያሰፍርና «ጉዳዩ» ብሎ ካሰመረበት በኋላ፣ «ከላይ በአርእስቱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» በሚለው የተለመደ ሐረግ ይጀምራል፤ «በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» በሚለውም ይዘጋል። የባለጉዳዩ ስምና የጉዳዩ ዓይነት ይለዋወጥ እንጂ ከአንዱ ማመልከቻ ወደ ሌላው የሚለወጥ ነገር እምብዛም የለም። ይህም ተገቢ ነው። የልደት ማስረጃ የሚጠየቅበት ደብዳቤ የአመልካቹን አስተሳሰብ እንዲገልጽለት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት የለምና።

ችግሩ የሚፈጠረው በዚህ ልማድ ውስጥ ያደገ ተማሪ ለአሜሪካ ኮሌጆች የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከት በሚጀምርበት ጊዜ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. አሥራ አምስት የግል ኮሌጆች ተባብረው የጀመሩትና ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ኮመን አፕሊኬሽን የተባለው የጋራ ቅጽ፣ ከትምህርት ውጤትና ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ጋር አንድ ድርሰት እንዲቀርብ ያደርጋል። የድርሰቱ ርዝመት ከ250 ቃላት ያላነሰ፣ ከ650 ቃላት ያልበለጠ መሆን አለበት። ከሁለት ገጽ ያነሰ መሆኑ ነው። በዚህ አነስተኛ ሥፍራ አንባቢው ለማወቅ የሚሻው አመልካቹ ምን እንደሚፈልግ አይደለም፤ ያማ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ለማወቅ የሚሻው አመልካቹ እንዴት እንደሚያይ፣ እንዴት እንደሚያመዛዝን፣ ባጭሩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ነው።

ይህ ጥያቄ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች እንግዳ ነው። በጥሩ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ልጅ በታላላቆች ፊት ስለ ራሱ እንዳያወራ ተመክሮ ያደገ ነው። ራሱን የሚያሞግስ ሰው ይናቃል፤ ሙያ በልብ ነውም ይባላል። በዚህም ላይ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተሰጡት መልሶች አንዱን በመምረጥ የሚሠራ በመሆኑ፣ ተማሪው ለፈተና ሲዘጋጅ በራሱ አባባል ረዘም ያለ ነገር ለመጻፍ የሚገደድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስለሆነም «ስለ ራስህ ጻፍ» የሚለው ትእዛዝ በድንገት ሲቀርብለት ከሁለት አንዱን መንገድ ይከተላል።

የመጀመሪያው የአቤቱታ መንገድ ነው። ተማሪው የቤተሰቡን ችግር ከላይ እስከ ታች ይዘረዝራል፤ የአባቱን ሞት፣ የእናቱን ሕመም፣ የእህትና የወንድሞቹን ቁጥር ይጠቅሳል፤ በመጨረሻም የኮሌጁን ደግነት ይለምናል። ችግሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን የወላጆችን ገቢና ንብረት፣ የቤተሰቡንም ብዛት የሚያስረዳ ሌላ ቅጽ አለ። የገንዘብ ችግር በዚያ ቅጽ ላይ በቁጥር ሙሉ በሙሉ መገለጽ ይገባዋል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም። በድርሰቱ ውስጥ ግን ችግር ብቻውን ሲደረደር ተማሪውን ይሸፍነዋል። አንባቢው አዝኖ ያልፋል እንጂ ማን እንደጻፈለት ሳያውቅ ይቀራል። ከዚህም በላይ አንድ ወጣት የእናቱን ሕመም መሸጫ ዕቃ እንዲያደርግ የሚገፋፋ ምክር፣ ቢያዋጣም እንኳ፣ መልካም ምክር ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው የትልልቅ ቃላት መንገድ ነው። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሐኪም ሆኜ ሕዝቤንና አገሬን ለማገልገል እመኝ ነበር» ተብሎ የሚጀመረው ድርሰት የዚህ ዓይነት ነው። ምኞቱ የተከበረ ነው፤ ሆኖም ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ከሺህ ተማሪዎች ማንኛውም ሊጽፈው ይችላል። ማንም ሊጽፈው የሚችለው ነገር ደግሞ ስለ ማንም አይናገርም።

ከሁለቱም የሚሻል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን በምሳሌ ማሳየት ይቻላል። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናቷ ያሉበትን የሠፈር ዕቁብ መዝገብ ትይዛለች እንደማለት ነው። ሃያ ሴቶች በየእሑዱ ሁለት ሁለት መቶ ብር ይጥላሉ፤ ዕጣ የወጣላት አራት ሺህ ብር ይዛ ትሄዳለች። አንድ እሑድ ገንዘቡ ሲቆጠር ሁለት መቶ ብር ይጎድላል። ልጅቱ ሌሊቱን መዝገቡን ስታገላብጥ አድራ ስሕተቱ የራሷ እንደሆነ ትደርስበታለች፤ አንዲት አዛውንት ገንዘባቸውን ሳይሰጡ ሲቀሩ፣ «እማማ፣ የእርስዎን አላገኘሁም» ለማለት አፍራ እንደከፈሉ አድርጋ ምልክት አኑራላቸዋለች። በማግሥቱ ለዕቁቡ ዳኛ ትናገራለች። ከዚያ ወዲህ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የእያንዳንዷ ሴት ስም ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ታደርጋለች፤ ስለዚህም ማንም ማንንም በዓይን ፊት ለመጠየቅ አይገደድም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ድኻ ነኝ የሚል ቃል የለም፤ ሁለት መቶ ብር ጎደለ ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈተሽበት ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ ግን አንባቢው ራሱ ይረዳዋል። ብልህ ነኝ የሚልም ቃል የለም። ይሁንና ስሕተቷን ለይታ ያወቀች፣ የስሕተቷንም ምክንያት ያገኘች፣ ሰውን ሳታሳፍር መፍትሔ ያበጀች አንዲት ወጣት ቁልጭ ብላ ትታያለች። ትሕትናዋም አልተነካም፤ የተናገረችው ስለ ሠራችው እንጂ ስለ ታላቅነቷ አይደለምና።

እንዲህ ያለው ድርሰት በአንድ ሌሊት አይገኝም። ተማሪዋ የዕቁቡን ነገር ሊጻፍ የሚገባው ጉዳይ ነው ብላ እስክታስበው ድረስ ስለ ሐኪምነትና ስለ አገር ልማት ሁለትና ሦስት ድርሰት ጽፋ መጣሏ አይቀርም። የመጀመሪያው ረቂቅ ከተጻፈ በኋላ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ሳይነካ ሊቀመጥ ይገባዋል። ጸሐፊው ድርሰቱን እንደ ባዕድ ማንበብ የሚችለው ያን ጊዜ ነው። አንድ የሚያምነው ሰው ያንብብለት፤ አምስት ሰዎች ካረሙት ግን የማንም ሳይሆን ይቀራል። ጽሑፍ በሚያመነጩ የኮምፒዩተር መርኃ ግብሮች ወይም ገንዘብ ተቀብለው በሚጽፉ ደላሎች የተዘጋጀን ድርሰት የራስ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ በቅጹ ላይ በፊርማ ከሚረጋገጠው ቃል ጋር የሚጋጭ ማታለል ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለው ጽሑፍ ያው የፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ማመልከቻ፣ እንግሊዝኛው አምሮ የቀረበ መሆኑ ነው።

የቀነ ገደቡ ጉዳይ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ኮመን አፕሊኬሽን የየዓመቱን ቅጽ የሚከፍተው በኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 ቀን ነው። ቀድመው ለሚያመለክቱ ብዙ ኮሌጆች የሚወስኑት የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 1 ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ዓመት ጥቅምት 22 ቀን ላይ ይውላል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለነበራት፣ ጥቅምት 21 ይሆናል። በአንድ ቀን ልዩነት የዓመት ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላልና ይህ እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም። የሰዓቱም አቆጣጠር ያው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11፡59 የሚባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው። ገና ስድስት ሰዓት ያህል ቀርቶኛል ብሎ የሚጠብቅ ተማሪ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። መብራት የሚጠፋውና የኢንተርኔት መሥመር የሚጨናነቀው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ደግሞ የለም።

ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው። ስለዚህ ድርሰቱን ትምህርት ሲጀመር እጀምራለሁ የሚል ተማሪ የሚቀረው ጊዜ አንድ ወር ከጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ አንዳንድ ኮሌጆች በሚጠይቁት ኤስ ኤ ቲ በተባለው ፈተናና በዕለት ተዕለት ትምህርት የተያዘ ጊዜ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ክረምቱ ግን ሰፊ ነው። ገበሬው መሬቱን በሚያርስበትና በሚዘራበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ተማሪውም ከዝናቡ ተጠልሎ ረቂቁን ሊጽፍ ይችላል።

ቀድሞ መዘጋጀት አንድ ነገር ነው፤ ቀድሞ ማመልከት ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ከቀዳሚዎቹ የማመልከቻ ዓይነቶች አንዱ፣ አርሊ ዲሲዥን የሚባለው፣ አስገዳጅ ነው። ተማሪው፣ ወላጁና የትምህርት ቤቱ ተወካይ የሚፈርሙበት ሲሆን፣ ኮሌጁ ከተቀበለው ተማሪው የሌሎቹን ሁሉ ማመልከቻ ሰርዞ ወደዚያው ለመግባት ይስማማል። መልሱ የሚመጣው በዲሴምበር አጋማሽ ነው። የሚሰጠው ርዳታ ለቤተሰቡ የማይበቃ ከሆነ ከውሉ ለመውጣት መጠየቅ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ተማሪው የሌሎች ኮሌጆችን ስጦታ አስተያይቶ የመምረጥ ዕድሉን አስቀድሞ አሳልፎ ሰጥቷል። በመደበኛው ጊዜ የሚያመለክት ተማሪ ግን በማርች ወር መጨረሻ ገደማ የሚመጡትን መልሶች ጎን ለጎን አድርጎ ሲያመዛዝን ይቆይና እስከ ሜይ 1፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 23 ቀን፣ ውሳኔውን ያሳውቃል። ሀብታም ቤተሰብ ይህን ዕድል ቢያጣ የሚጎዳው ጥቂት ነው፤ ድኻው ግን የሚጎዳው ብዙ ነው።

ቀድመው ከሚያመለክቱት ውስጥ ተቀባይነት የሚያገኙት ከመቶ ሲሰላ ይበልጣሉ በማለት ሁሉም እንዲቀድም የሚመክሩ አሉ። ስሌቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከቀዳሚዎቹ መካከል ኮሌጁ ለስፖርት ቡድኖቹ አስቀድሞ የመለመላቸውና በአንዳንድ ኮሌጆች ወላጆቻቸው እዚያው የተማሩ ልጆች ይገኙበታል። የእነርሱን ዕድል የኢትዮጵያዊው ተማሪ ዕድል አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። ብዙ ኮሌጆች ከውጭ አገር የሚያመለክትን ተማሪ ሲመርጡ የመክፈል ችሎታውን ከግምት ያስገባሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት ግን የውጭ አገር አመልካቾችንም የገንዘብ ችሎታቸውን ሳያዩ ከሚመርጡትና የታወቀ ችግራቸውን ሙሉ በሙሉ ከሚሸፍኑት ጥቂቶች መካከል ናቸው። ከእነዚህም በመጀመሪያዎቹ አራቱ ዘንድ ቀድሞ ማመልከት ተማሪውን ለመግባት አያስገድደውም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የአገባቡን ደንብ ከምንጩ ማንበብ ይቀድማል። ችግሩን ሁሉ እሸፍናለሁ የማይል ኮሌጅ የሚያቀርበው አስገዳጅ ውል፣ ከጀርባው ምንም ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ሊፈርመው የሚገባ ወረቀት አይደለም።

የገንዘቡ ቅጽ ራሱ ከድርሰቱ ያላነሰ ጊዜ ይጠይቃል። ብዙ የግል ኮሌጆች የሚጠቀሙበት ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የተባለው ቅጽ የተዘጋጀው የደመወዝ ወረቀትና የግብር ደረሰኝ ላለው ቤተሰብ ነው። በእርሻ ወይም በጉልት ንግድ የሚተዳደር ቤተሰብ ግን የዓመት ገቢውን ከእህሉና ከከብቱ አስልቶ፣ አስፈላጊም ሲሆን ከቀበሌ ማስረጃ አውጥቶ ማቅረብ ይኖርበታል። የብር ዋጋም ይለዋወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያን ክረምት በሰኔ ተሰልቶ የተቀመጠ ወረቀት በጥቅምት እውነቱን አይናገርም ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው የመምህሩ ደብዳቤ ነው። በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ የሚያስተምር መምህር በጥቅምት ሦስተኛ ሳምንት በድንገት ሲጠየቅ፣ «ትጉህና መልካም ጠባይ ያለው ተማሪ ነው» ከማለት የተሻለ ነገር ሊጽፍ አይችልም፤ ሊወቀስም አይገባም። በመስከረም መጀመሪያ የተጠየቀና ተማሪው በክፍል ውስጥ ያደረገውን የሚያስታውስ አንድ ገጽ የተሰጠው መምህር ግን የሚለው አያጣም። የትምህርት ማስረጃውም እንዲሁ አስቀድሞ ይጠየቅ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ማኅተሙን ቆልፎ ለመስቀል በዓል አገር ቤት ወርዶ እንደሆነ ሳምንት መጠበቅ ግድ ይሆናል። ጥያቄው በጊዜ የቀረበ ከሆነ ግን ኃላፊው እስኪመለስ ድረስ ድርሰቱን አንድ ጊዜ ደግሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ይቻላል።