«የ47 ቀን ተከታታይነትዎን አጡ!» ይህ ነው ማረጋጋት?



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስልካችሁ ነው። በተለይ «ጭንቀት ይቀንሳል፣ እንቅልፍ ያመጣል» እየተባለ ስለሚወርደው የዮጋና የሜዲቴሽን አፕ።

ሜዲቴሽንን እየተቃወምኩ አይደለም። በ2022 ጃማ ሳይካትሪ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ ኤስሲታሎፕራም የተባለውን መድኃኒት፣ ገሚሱ የ8 ሳምንት የሜዲቴሽን ሥልጠና እንዲወስዱ ተደረገ። ሥልጠናው ከመድኃኒቱ ያላነሰ ውጤት አሳየ። ነገር ግን ሥልጠናው እንዴት እንደተሰጠ ተመልከቱ፦ በሳምንት አንድ ቀን በአካል ከአሠልጣኝና ከሌሎች ሰዎች ጋር፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ። «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚለው ማስታወቂያ የሚንተራሰው እንዲህ ያለውን ማስረጃ ነው፤ የሚሸጥላችሁ ግን የ10 ደቂቃ ድምፅ ነው።

የእኔ ጠብ ከአሠራሩ ጋር ነው። ማለትም ማያው ላይ ምን መጀመሪያ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚጮህ፣ ምን እንደሚደበቅ ከሚወስነው ዲዛይን ጋር።

ስትከፍቱት መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ኢሜይላችሁን ነው። ከዚያ «ግብዎ ምንድን ነው?» ይላል። ቀጥሎ የክፍያ ገጽ። እርጉዝ ናችሁ? የዓይን ግፊት ወይም ግላኮማ አለባችሁ? ደም ግፊታችሁ አልቆጣጠር ብሏል? የወገብ ዲስክ? ብዙዎቹ አፖች ይህን አይጠይቁም፤ ቢጠቅሱትም ማንም በማያነበው ረጅም የውል ጽሑፍ ውስጥ ነው። ጭንቅላትን ወደ ታች የሚያደርጉ የዮጋ አቀማመጦች የዓይን ውስጥ ግፊትን ይጨምራሉ፤ ለግላኮማ ታካሚ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ደግሞ ለረጅም ጊዜ በጀርባ መተኛት አይመከርም። በአካል የሚያስተምር ጥሩ የዮጋ አስተማሪ ምንጣፉ ከመዘርጋቱ በፊት ይህን ይጠይቃል። ኢሜይል ለመጠየቅ ቦታ ያገኘ ማያ ለዚህ አንድ ጥያቄ ቦታ አጣ ማለት ነው?

ከዚህ የባሰው «ዓይንዎን ይጨፍኑ» የሚለው ነው። ጦርነት ያየ፣ በስደት መንገድ ላይ ብዙ ያሳለፈ፣ የተደፈረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ያ ሁሉ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። አሠልጣኝ እንባውን አይቶ ያቆማል። የተቀዳው ድምፅ ግን ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ «በጣም ጥሩ ሠርተዋል!» ይላል። ይህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ድክመት እንዳይመስላችሁ፤ ዓይናችሁን ክፈቱ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ፣ አቁሙት። ለሐኪም ንገሩ።

ቀጥሎ ቀን ቆጣሪው። 5 ቀን፣ 20 ቀን፣ 47 ቀን፤ አንድ ማታ ልጅ ታሞባችሁ ካለፋችሁ ዜሮ። «ልማድ ለማስያዝ ይረዳል» የሚሉ አሉ፤ የደም ግፊት ክኒን ለሚወስድ ሰው ማስታወሻ እንደሚጠቅም እኔም አውቃለሁ። ግን ክኒን መዝለል ጉዳት አለው። አንድ ቀን ሜዲቴሽን አለመሥራት ምን ጉዳት አለው? ምንም። ጉዳት የሌለውን ነገር ኪሳራ አስመስሎ ማሳየት፣ ያውም በጭንቀት ለሚሠቃይ ሰው! «ዛሬም አልሠራሁም» ብላችሁ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስልክ የምትፈልጉ ከሆነ አፑ አንድ ተጨማሪ ጭንቀት ሰጥቷችኋል። ደግሞም ይህ ሁሉ ደወልና ቁጥር ሰውን አላቆየም። በ2019 የታተመ ጥናት 93 የአእምሮ ጤና አፖችን ተመልክቶ፣ ከ30 ቀን በኋላ አሁንም የሚከፍቷቸው ሰዎች በመካከለኛ ስሌት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ወላጆች፣ «የእንቅልፍ ተረት» የሚለውን ክፍል ለልጆቻችሁ የምትከፍቱ ብዙ ናችሁ። ድካማችሁ ይገባኛል። ነገር ግን ተረቱ ስልኩን ይዞ ነው አልጋ ውስጥ የሚገባው፤ ተረቱ ሲያልቅ ቀጣዩ ራሱ ይጀምራል፣ ማያው ያበራል። ልጁ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚልበት ሰውም የለም። የግድ ከሆነ ማያው ተዘግቶ፣ ስልኩ ልጁ እጅ በማይደርስበት፣ አንድ ተረት ብቻ።

ስለ ገንዘቡ፦ «7 ቀን በነጻ» ብለው ካርድ ይቀበላሉ፤ በስምንተኛው ቀን የዓመቱን ይቆርጣሉ። ውጭ አገር ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፦ አፑን ከስልካችሁ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ ስማችሁን ነክታችሁ «ሰብስክሪፕሽን» በሚለው፣ በአንድሮይድ ደግሞ በፕሌይ ስቶር የክፍያ ክፍል ገብታችሁ ሰርዙ። ሙከራው ከማለቁ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይሁን።

እየተጠቀማችሁበት የተመቻችሁ ካላችሁ ተዉት አልልም። ኖቲፊኬሽኑን አጥፉ፣ ቀን ቆጣሪው የሚደበቅ ከሆነ ደብቁት፣ ድምፁን ከፍታችሁ ስልኩን በፊቱ ድፉት። ያለ አፕም ይቻላል፦ ተቀምጣችሁ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ፣ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። 5 ደቂቃ ይበቃል። ካዞራችሁ አቁሙና እንደወትሯችሁ ተንፍሱ።

ጭንቀቱ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሥራ ወይም ምግብ ካስተጓጎለ ሐኪም ይያችሁ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ፣ ሰው ይዛችሁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌላውን ጥያቄ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የምትጠቀሙበት አፕ ስለ ጤናችሁ ጠይቋችሁ የሚያውቅ ከሆነም እዚህ ሥር ንገሩን።