ደመወዝና ደስታ

«ገንዘብ ደስታን አይገዛም» የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ገንዘብ ከማይቸግረው ሰው አፍ ነው። የቤት ኪራይ ቀን የደረሰበት ጸሐፊ፣ ወይም ለደብተርና ለሳሙና የሚሆን ሳንቲም ያጠረው ተማሪ ይህን ምክር ሲሰማ፣ በልቡ «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እያለ ይመልሳል። ከሁለቱ አባባል የትኛው ወደ እውነት እንደሚቀርብ ለማወቅ የውጭ አገር ሊቃውንት ብዙ ሰው በመጠየቅና መልሱን በመቁጠር ደክመዋል። የደረሱበትን ነገር ደመወዝ መቀበል የጀመረውም፣ ነገ የሚጀምረውም ወጣት ቢያውቀው ይጠቅመዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን በሰፊው ያስነሣው ሪቻርድ ኢስተርሊን የተባለው አሜሪካዊ የኤኮኖሚ ሊቅ ነበር። በ1974 ባወጣው ጽሑፍ የማይስማሙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን አሳየ። ባንድ አገር ውስጥ ሀብታሞቹ ከድኾቹ ይልቅ «ደስተኞች ነን» ይላሉ። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ሕዝብ ገቢ እጅግ ሲያድግ፣ ደስታው ያን ያህል አላደገም። ይህን አባባል ሁሉም አልተቀበለውም፤ ክርክሩም ብዙ ዘመን ቈየ።

በ2010 ዳንኤል ካነማንና አንገስ ዲተን የተባሉ ሊቃውንት ከ450,000 የሚበልጥ የአሜሪካውያንን መልስ መረመሩ። የሰው የዕለት ስሜት ከገቢው ጋር እየተሻሻለ ሄዶ በዓመት 75,000 ዶላር ገደማ ሲደርስ ይቆማል አሉ። ማቲው ኪሊንግስወርዝ ግን 33,391 ሠራተኞችን በእጅ ስልካቸው እየጠየቀ ሲመረምር መቆሚያውን አላገኘውም፤ ይህንንም በ2021 አስታወቀ። ካነማንና ኪሊንግስወርዝ በየፊናቸው መከራከሩን ትተው፣ ባርባራ ሜለርስ የተባለችውን ሊቅ እንደ ሽማግሌ መካከል አስገብተው አብረው ሠሩ። በ2023 ያወጡትም ፍርድ ይህ ነው፦ ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር መጨመሩን ይቀጥላል፤ ከተወሰነ ገቢ በኋላ ጭማሪው የሚቆመው እጅግ ባዘኑት፣ ማለት ከመቶው 20 በሚያህሉት ሰዎች ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ገቢ የሚመዘነው በእጥፉ ነው። ባጭሩ፣ 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው ሌላ 5,000 ቢጨመርለት የሚሰማው ለውጥ፣ 50,000 የሚያገኘው ሰው ሌላ 50,000 ሲጨመርለት ከሚሰማው ጋር ይቀራረባል እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ያው አንድ ብር ይበልጥ የሚያስደስተው አነስተኛውን ደመወዝተኛ ነው። ይህን ዐምድ ደመወዝ ላለመጨመር ምክንያት አድርጎ የሚያነብ አለቃ ቢኖር፣ እባክዎ እንደገና ያንብቡት እንለዋለን።

ከ75,000 ዶላሩ ወሬ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር በዚያው በ2010ሩ ጥናት ውስጥ ነበር። ሕመም፣ ፍቺና ብቸኝነት ባለጠጋውንም ድኻውንም ያሳዝናሉ፤ ድኻውን ግን አብልጠው ይጎዱታል። ሁለት ሰዎች ባንድ ቀን ቢታመሙ፣ አንደኛው የሚያስበው ስለ ሕመሙ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ግን ስለ ሕመሙ፣ ስለ መድኃኒቱ ዋጋና ስለሚቀርበት የቀን ገቢ ያስባል። የገንዘብ ትልቁ ሥራ እንግዲህ ደስታን መሸመት ሳይሆን፣ ባንዱ መከራ ላይ ሌላ መከራ እንዳይደረብ መከልከል ነው። ወላጆቻችን ዕድርን ሲያቋቁሙ ይህን ያወቁት ይመስላል። ለቅሶ የደረሰበት ቤት ከኀዘኑ በላይ ስለ ድንኳኑና ስለ እንግዳው ምግብ እንዳይጨነቅ፣ ጎረቤት በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣ ይጠብቀዋል።

ገንዘብ ሌላም ሥራ አለው፤ ይኸውም ከጓደኛ በላይ ሆኖ መታየት ነው። ሣራ ሶልኒክና ዴቪድ ሄመንዌይ በ1998 ባወጡት ጥናት፣ በሃርቫርድ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤት ለሚገኙ ሰዎች እንዲህ የመሰለ ጥያቄ አቀረቡ፦ «ሌላው 25,000 ዶላር ሲያገኝ አንተ 50,000 ብታገኝ ይሻልሃል፣ ወይስ ሌላው 200,000 ሲያገኝ አንተ 100,000 ብታገኝ?» የዕቃው ዋጋ በሁለቱም በኩል አንድ ነው ተብለዋል። ሆኖም ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን መረጡ። ከጎረቤት ላለማነስ ሲሉ የገቢያቸውን ግማሽ ለመተው ፈቀዱ ማለት ነው! ስለ ዕረፍት ጊዜ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ፣ ሌላው የቱንም ያህል ቢያርፍ ግድ ሳይላቸው፣ ለራሳቸው ረዘም ያለውን ዕረፍት መረጡ።

ይህ ሁለተኛው ሥራ ማለቂያ የለውም። አንድ ወጣት ባልደረባው የለበሰውን ዐይነት ሙሉ ልብስ በዱቤ ቢገዛ፣ ዕዳው ሳያልቅ ልብሱ ያልቃል፤ በዚያም መካከል ባልደረባው ሌላ አሠፍቶ ይመጣል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንባቢያችን ደመወዙ ሲጨመርለት ወይም የዕቁብ ዕጣ ሲደርሰው፣ ብሩን ከማውጣቱ በፊት አንድ ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፦ ይህ ገንዘብ የሚደፍነው ቀዳዳ አለ ወይስ የሚያስቀናው ጓደኛ? ዕዳን ለመክፈል፣ ለክፉ ቀን ጥቂት ለማስቀመጥ፣ በሽታን በጊዜው ለመታከም፣ ካሳብ ነፃ የሆነ አንድ እሑድ ለማግኘት የወጣ ብር ከእርሱ ጋር ይቆያል። ለታይታ የወጣው ግን ጓደኛው የተሻለ እስኪገዛ ድረስ ብቻ ያስደስተዋል። ደመወዙ እንዲያድግ መጣጣሩም ነውር የለበትም፤ ምን ያህል እንደሚበቃው ሲቆጥር ግን የራሱን ቤት ጉድለት እንጂ የጓደኛውን ኪስ መለኪያ አያድርግ።