በለሱን ቀለም ነጋዴው ቀደመን

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ ዳር በለስ በሳፋ ሞልተው የሚቀመጡ ሻጮች ይበዛሉ። ሻጩ የፍሬውን ሁለት ጫፍ ይቆርጣል፣ ወገቡን ይሰነጥቃል፣ እሾሃማውን ልጣጭ ገልብጦ ያቀርብልዎታል። እርስዎም ቆመው ይጎርሳሉ፣ ሂሳብ ከፍለው ይሄዳሉ። የበለስ ንግድ የምንለው እዚሁ ላይ ያበቃል። ለመሆኑ በዚህ ፍሬ ላይ ደህና ገንዘብ ያዋለ ነጋዴ የት አለ?

በትግራይ ገጠር ነገሩ ሌላ ነው። የተክሉ ዘር ከሜክሲኮ ይምጣ እንጂ ዳገቱንና የድንጋይ ካቡን ሁሉ ወርሶ፣ መስኖና ማዳበሪያ ሳይጠይቅ ይበቅላል። ፍሬው የሚደርሰውም በክረምት፣ ጎተራው ተራግፎ አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ባለበት ወቅት ነው። ብዙ ቤተሰብ ያንን ክፉ ጊዜ የሚሻገረው በበለስ ነው። ለቀማው በማለዳ ይሻላል፤ ጤዛው ሳይደርቅ ደቃቁ እሾህ ስለማይበን ዓይንና ጉሮሮ አይጎዳም። ሲበዛ ሆድ እንደሚያደርቅ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል፤ አውቆም አይተወውም።

የውጭ ሰው ዓይን ያረፈው ግን ፍሬው ላይ አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኮቺኒያል የሚባል ነፍሳት ወደ ትግራይ ገባ። ይህ ነፍሳት የበለስን ሰፋፊ ቅጠል እየመጠጠ ይኖራል፤ ደርቆ ሲፈጭ ለምግብና ለከንፈር ቀለም የሚሆን ቀይ ማቅለሚያ ይወጣዋል። በወረቀት ላይ የሚያምር ሥራ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪም ያስገኛል ተባለ። ነፍሳቱ ግን ከታሰበለት ክልል አልፎ ሰው የሚበላውን በለስ ወረረ። በደቡብ ትግራይ ተክሉ ጥጥ የተነሰነሰበት መስሎ ነጣ፣ ደረቀ፣ ወደቀ። ገበሬው ቀለሙን ሸጦ ሀብታም ሳይሆን የተወረረውን ተክል ቆርጦ መቅበር ሥራው ሆነ።

ሁሉም ጣቱን ቀለም ነጋዴው ላይ ይቀስራል። እኔ ግን ጣቴን ወደ እኛ ወደ ነጋዴዎቹ እመልሳለሁ። በለስ በሚዛን የሚገዛ፣ በደብተር የሚመዘገብ ሸቀጥ ቢሆን ኖሮ ነፍሳቱ ከመለቀቁ በፊት «ለመሆኑ ፍሬው ስንት ያወጣል?» ብሎ የሚሞግት ባለጥቅም አይጠፋም ነበር። ዋጋ የሌለው ነገር ተከራካሪ የለውማ! የተራበ ሰው የበላው በለስ ከማንም ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ችግሩ ይገባኛል። ፍሬው በቀናት ውስጥ ይበላሻል፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሲጫን እርስ በርሱ ይጨፈላለቃል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደርሶ ዋጋውን ይጥለዋል። ሆኖም መላ ያልተገኘለት ችግር አይደለም። የሲሲሊ ገበሬ በግንቦትና በሰኔ የመጀመሪያውን አበባ ሆን ብሎ ያራግፋል፤ ተክሉ እንደገና ሲያብብ ፍሬው በመኸር፣ ገበያው ሲራብ፣ ገዘፍ ብሎ ይደርሳል። የእኛ ዝናብ ከእነሱ ቢለይም በጥቂት ተክሎች ላይ መሞከር ማንንም አያከስርም። ሜክሲኮዎች ደግሞ ለጋውን ቅጠል እሾሁን ልጠው እንደ ጎመን ያበስሉታል፤ እኛ ዘንድ ለከብት ነው። የጭማቂ ቤቶቻችንስ? ማንጎና አቮካዶ ደርድረው ክረምቱን ሙሉ በለስን በራቸው ላይ እያዩ ያልፉታል።

ለዘንድሮ ክረምት ወደ ሰሜን መኪና የሚልክ ነጋዴ ካለ በጆንያ ፋንታ ጥልቀት የሌለው ሳጥን ይላክ፤ የተሰነጠቀውን እዚያው ለይቶ ያስቀር። ከሁሉ በላይ ግን የበለስ ቅጠል ለጭነቱ ጉዝጓዝ አያድርግ። ያ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አንድ ቅጠል ላይ ተጣብቆ ከመጣ፣ ከደቡቡ ያመለጠውን ነፍሳት በራሱ መኪና አሳፍሮ ገና ወዳልተነካው አገር አደረሰው ማለት ነው።